ስለ ተራራው መስቀል ሥዕል

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ በኤውሮፓ የተነሣው፥ ሮማንቲክ የሚባለው የጥበብ መንገድ፥ ለሥዕልም ለድርሰትም ለፍልስፍናም አዲስ መመዘኛ ሰጠ። አስቀድሞ ሥራ ይመዘን የነበረው በሥርዐትና በአእምሮ ሚዛን ነበር፤ እነዚህ ግን የልብን ስሜት በላዩ አኖሩበት። ይህ ለውጥ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጐደለ ለመረዳት የሚሻ ሰው አንድ ሥዕል አስተውሎ ቢመለከት ይጠቅመዋል።

ሥዕሉ ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1808 ዓ.ም. በድሬስደን የፈጸመው «መስቀል በተራራ ላይ» የሚባለው ነው። በዐለት ጫፍ ላይ ሐረግ የተጠመጠመበት ቀጭን መስቀል ቆሟል፤ ዙሪያውን ጥድ ከቦታል፤ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ጠልቃ ጨረሯ ብቻ ይታያል። የጌታችን ምስል ወደ ጠለቀችው ፀሐይ ዞሯል እንጂ ወደ ተመልካቹ አልዞረም። የምታለቅስ እናት፥ የቆመ ደቀ መዝሙርም የለም። በክፈፉ ላይ ግን ስንዴና ወይን፥ ሁሉን የሚያይ ዐይንም ተቀርጸዋል።

በ1809 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሲልዩስ ፎን ራምዶር የተባለ የሥነ ጥበብ መርማሪ ይህን ሥዕል በጋዜጣ ነቀፈው። የነቀፋውም ፍሬ ነገር፥ የአገር ገጽታ ሥዕል ሾልኮ ቤተ ክርስቲያን በመግባት መሠዊያ ላይ ሊወጣ ደፈረ የሚል ነበር። ሠዓሊውም ትርጓሜውን ሰጠ፤ ዐለቱ የሃይማኖት ጽናት ነው፤ በዘመን ሁሉ የሚለመልመው ጥድ ተስፋ ነው፤ የጠለቀችውም ፀሐይ እግዚአብሔር ራሱ በምድር ይመላለስበት የነበረው የቀድሞ ዘመን ናት፤ በመስቀሉ ላይ ያለው ምስል ግን ብርሃኗን ተቀብሎ ወደ ምድር የሚመልስ ወርቅ ነው አለ።

ራምዶር መጠየቁ መልካም ነበረ፤ ፍርዱ ግን አልቀናም። ሰሙን ከወርቁ መለየት ለሚያውቅ ሰው ጥዱ ሰም፥ ተስፋው ወርቅ ነው፤ ሰሙ ከዱር ስለ መጣም ወርቁ አይረክስም። ፍጥረት የፈጣሪው ምስክር መሆኑን ከዳዊት መዝሙር የተማረ ሰው ተራራን በመሠዊያ ፊት እንግዳ አያደርገውም።

ነገር ግን ጉድለቱንም ልንሰውር አይገባም። ቅኔም ፈቺ ይሻል፤ ፈቺው ግን ወርቁን የሚያወጣው ከቃሉ ከራሱ፥ በመምህራን ትምህርት እየተመራ ነው። በዚህ ሥዕል መስቀሉና ክፈፉ ባይኖሩ ጥዱ ተስፋ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ስሜት በሩን ይከፍታል እንጂ ወዴት እንደሚገቡ አይናገርም። ይኸው ሠዓሊ በ1810 ዓ.ም. በበርሊን ባሳየው «መነኩሴ በባሕር ዳር» በተባለው ሥዕል አሸዋ፥ ባሕር፥ ሰፊ ሰማይና አንድ ብቸኛ ሰው ብቻ ቀሩ። የሰውን ታናሽነት እንዲህ አጕልቶ ያሳየ ሥዕል ጥቂት ነው፤ ያ ሰው ቢጣራ ማን እንደሚመልስለት ግን ሥዕሉ ዝም ይላል።

የተራራውን መስቀል የገዙት የቱን መኳንንት በቦሄምያ በነበረው በቴቸን ግንባቸው በመኝታ ቤት ሰቀሉት፤ ዛሬ በድሬስደን ሙዚየም ይገኛል። በመሠዊያ ላይ ወጣ ተብሎ የተከሰሰው ሥዕል መኖሪያው መኝታ ቤት መሆኑ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው፤ ልብን የሚነካ ሥራ ሁሉ ለጸሎት አይሆንም፤ ለጸሎት ያልሆነውም ሁሉ ከንቱ አይደለም።