የጀማሪ ንግድ ሒሳብ፦ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

አዲስ ንግድ ለመክፈት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ምን ያህል ያተርፋል?» ብሎ ነው። ልምድ ያለው ነጋዴ ደግሞ «ገንዘቡ ከኪስ ከወጣ በስንት ቀን ይመለሳል?» የሚለውን ያስቀድማል። የሚያተርፍ ሥራ ይዞ ሳለ መንቀሳቀሻ ገንዘቡ አልቆበት የሚዘጋ ጀማሪ ጥቂት አይደለምና።

ቆጠራው ከቦታው ይነሳል። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት አውራ ጎዳናና ባቡር የሚያልፉባት ከተማ ናት። የሆቴሎቿ ገበያ በአብዛኛው የተያያዘው ከስብሰባና ከሥልጠና ጋር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብና የቆዳ ፋብሪካዎች አሏት። መቂና ባቱ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ፤ ባቱ ከሐይቋ ዓሣም ታገኛለች። ሻሸመኔ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች መገናኛ ናት። ስለዚህ በአንዱ ከተማ የተዋጣለት ሥራ በሌላው እንደዚያው ይዋጣል ማለት አይደለም። መንገድም ደንበኛን ያመጣል፣ ይወስዳልም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን መሀል ለመሀል አያቋርጥም። በአላፊ አግዳሚ ላይ የተመሠረተ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ቤቱን ከመከራየቱ በፊት መኪናው በእርግጥ በደጁ ማለፉን ቆሞ ማየት አለበት።

ቀጥሎ የቀን ወጪ ይሰላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ጭማቂ ቤት በወር 18,000 ብር ኪራይና ለሁለት ሠራተኞች 12,000 ብር ደመወዝ ቢከፍል፣ በ30 ቀን ሲካፈል ወጪው በቀን 1,000 ብር ይሆናል። ከፍራፍሬው ዋጋ በላይ በአንድ ብርጭቆ 25 ብር የሚተርፈው ከሆነ፣ ባለቤቱ ለራሱ አንድ ብር ከማግኘቱ በፊት በየቀኑ 40 ብርጭቆ መሸጥ አለበት። መብራትና ውሃ፣ የሚበላሽ ፍራፍሬና ግብር ሲጨመሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያን ያህል ገዢ መኖሩ ሳይታወቅ የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ መክፈልና ቤት ማሳመር መነሻውን ገንዘብ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። በጠባብ ቦታ ወይም ለሆቴልና ለመሥሪያ ቤት በማቅረብ ገበያውን መሞከር ይሻላል።

ለድርጅት ማቅረብ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ እሱም ዱቤ ነው። የመቂ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚሸጠው እጅ በእጅ ሲሆን፣ የሚረከበው ሆቴል የሚከፍለው ከወር በኋላ ሊሆን ይችላል። በቀን 10,000 ብር የሚያወጣ አትክልት የሚያቀርብ ሰው የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርሰው 300,000 ብር ሰው እጅ ላይ ይቀመጥበታል። መዝገቡ ትርፍ ያሳያል፣ ለነገ ጭነት የሚሆን ገንዘብ ግን የለም። የዱቤውን ጣሪያና የክፍያውን ቀን ውል ሳይጀመር መወሰን፣ ከአንድ ገዢ ጋርም ብቻ አለመታሰር ያስፈልጋል።

ወቅትም ከሒሳቡ አይወጣም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በሥልጠና እንግዳ የሚኖር ሆቴልና አቅራቢዎቹ የበጀቱን አካሄድ መከተል ግድ ይላቸዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ደንበኞቹ ኦርቶዶክሳውያን የሆኑ ሥጋ ቤት ኪራዩን ለዚያ ጊዜ አስቀድሞ ካላጠራቀመ ለፋሲካ አይደርስም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣለት ነጋዴ ደግሞ የምንዛሪ ለውጥን ይከታተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በድሮው ዋጋ ሸጦ በአዲሱ ዋጋ ዕቃውን መተካት ያልቻለ ነጋዴ ያተረፈ ቢመስለውም ካፒታሉ ቀንሷል።

እቁብ ብዙዎች መነሻ የሚያገኙበት መንገድ ነው። ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ወለድ የሌለው ብድር፣ ዘግይቶ ለወጣለት ቁጠባ ይሆናል። መዋጮው ከትርፍ ሳይሆን ከዕቃ መግዣው ሲወጣ ግን ሱቁን ባዶ ያስቀራል። የቤትና የሱቅ ገንዘብም መለየት አለባቸው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ የገባውንና የወጣውን ለማየት ይረዳል፤ ለባለቤቱ የተቆረጠ ወርኃዊ ደመወዝ መመደብም መደርደሪያው ለቤት አስቤዛ እንዳይውል ይጠብቃል።

ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር በሚጀመር ሽርክና የመዋጮው መጠን፣ የሥራው ድርሻና የመለያያው ሥርዓት በጽሑፍ ይቀመጥ። ብቻውን የሚሠራም አማራጭ አለው፦ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምን ፈቅዷል። ይህም የግል ንብረትን ከድርጅቱ ዕዳ ለመለየት ያስችላል።

ማስፋፋት የሚገባው የመጀመሪያው ሱቅ ጥሩውንም መጥፎውንም ወቅት በራሱ ገንዘብ ሲያልፍ ነው። የቀን ወጪውን መሸፈን ካቃተውና ምክንያቱ ወቅት ካልሆነ ደግሞ፣ ካፒታሉ ሳያልቅ ዕቃውን ሸጦ፣ ዕዳ ከፍሎና የንግድ ፈቃዱን መልሶ መዝጋት ይበጃል። ፈቃድ ሳይመለስ በሩ ብቻ የተዘጋ ሱቅ የግብርና የቅጣት ዕዳ ሊያስከትል ይችላል።