«ሁለት ዋግ»፤ ስለ ጂን በርኮ የሕፃናት ቋንቋ ምርመራ የቀረበ ሂስ

ጂን በርኮ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የቃላትን እርባታ እንዴት እንደሚማሩ የመረመሩበት ጽሑፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. «ዎርድ» በተባለው መጽሔት ታተመ። መርማሪዋ ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ወፍ መሰል ሥዕል አሳይተው «ይህ ዋግ ነው» ካሉ በኋላ፣ ሁለተኛ ሥዕል ጨምረው «አሁን ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» እያሉ ዓረፍተ ነገሩን ልጁ እንዲፈጽመው ይጠይቁ ነበር። ቃሉ ለምርመራው የተፈጠረ ስለ ሆነ ማንም ልጅ ከእናቱ አፍ ሊሰማው አይችልም። ይሁን እንጂ ከመቶው 91 የሚሆኑት ልጆች ትክክለኛውን የብዙ ቍጥር ድምፅ ጨመሩበት። ከዚህም የተነሣ ልጅ ከሚሰማው ንግግር ውስጥ ሕግ አውጥቶ በአዲስ ቃል ላይ እንደሚሠራበት በግልጽ ታወቀ። የሥራው ታላቅነት በዚህ ነው።

በአንጻሩ «ታስ» የተባለውን ፈጠራ ቃል በትክክል ያበዙት ከመቶው 36 ብቻ ናቸው፤ «ግላስ» (ብርጭቆ) የሚለውን የታወቀ ቃል ግን ከመቶው 91 አብዝተውታል። ብዙዎቹ «ታስ»ን እንዳለ መተዋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ«ስ» ድምፅ የሚያልቅ ቃል አስቀድሞ የበዛ ይመስላቸዋልና ስሕተታቸውም ሕግ አለው። በርኮም ይህን ሳያስተውሉ አላለፉም።

ችግሩ የሚመጣው መመርመሪያው እንዳለ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዛወር ነው። በአማርኛ ቍጥር የቀደመው ስም የግድ አይበዛም፤ «ሁለት ውሾች» እንደሚባል ሁሉ «ሁለት ውሻ» ማለትም የአዋቂ ንግግር ነው። ስለዚህ «ሁለት ዋግ» ብሎ የመለሰ የአዲስ አበባ ልጅ የማብዣውን «ኦች» አያውቅም ሊባል አይገባም። መምህሩ መልሱን ስሕተት ብሎ ቢቈጥርበት፣ በልጁ ላይ የሚፈርድበት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው።

ለአማርኛ የሚስማማው ፈተና ከቋንቋው ጠባይ መነሣት ይኖርበታል። በአማርኛ ትእዛዝ ወንድና ሴትን ይለያል፤ ወንዱ «ውሰድ»፣ «ክፈት» ሲባል ሴቲቱ «ውሰጂ»፣ «ክፈቺ» ትባላለች። መርማሪው ለወንድ አሻንጉሊት «ዝፈድ» የሚል ፈጠራ ትእዛዝ ሰጥቶ ለሴቲቱ ምን እንደሚባል ልጁን ቢጠይቅ፣ «ዝፈጂ» የሚለው መልስ ሕጉን መያዙን ያስረዳል። «ዝፈዲ» ቢል ደግሞ የሴትን መድረሻ ዐውቆ የ«ድ»ን ወደ «ጅ» መለወጥ ገና እንዳልያዘ ያመለክታል። ከዚያው ቃል «ዘፈደ»ንና «ይዘፍዳል»ን ማውጣት ቢችል፣ የግሥን ሥር ከአናባቢዎቹ ለይቶ እንደሚያውቅ ይገመታል። ይህን የስም ብዛት ፈተና ሊገልጠው አይችልም።

እንግዲህ ከበርኮ ሊወረስ የሚገባው ያልተሰማ ቃል ለልጅ የማቅረቡ ዘዴ ነው፤ የቃሉ መልክና የመልሱ መለኪያ ግን ለየቋንቋው እንደ ገና መዘጋጀት አለባቸው።