70 ኪሎ ቀለለ፣ ሁለት ሰው ወረደ

ከአንድ መኪና ላይ 70 ኪሎ ለመቀነስ ምን ምኑን ታወጣላችሁ? የጀርመኑ ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ታይካን ቱርቦ ጂቲ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ መልሱን በዝርዝር አሳይቷል። «ቫይሳክ» የሚባለውን ጥቅል የመረጠ ገዢ የኋላ መቀመጫ አያገኝም፤ በቦታው ከካርበን ፋይበር የተሠራ ቀላል ክፍልፍል ገብቷል። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው ባለ ቆጣሪ ሰዓት ተነስቷል። ምንጣፉ ቀርቷል። የድምፅ መከላከያው ሳስቷል። የኋላ ስፒከር የለም። ሁለት የነበረው የቻርጅ መሰኪያ አንድ ሆኗል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ 2290 ኪሎ ገደማ የነበረውን መኪና ወደ 2220 ኪሎ አወረደው።

ለውድድር ሜዳ ከሆነ ሥራው ያስመሰግናል። መኪናው ለ2 ሰከንድ ያህል እስከ 815 ኪሎዋት ጉልበት ያወጣል። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የላጉና ሴካ መሽከርከሪያ አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ27.87 ሰከንድ ጨርሷል። እዚያ ሜዳ ላይ የኋላ ወንበር የሚፈልግ ሰው የለም። እኔ ግን ይህን ንድፍ ልተቸው የምፈልገው ከሌላ ቦታ ቆሜ ነው፦ ከመካነ ሰላም መንገድ። ለምን? መካነ ሰላም ከባህር ወለል 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቦረና ከተማ ናት። ከእሷ ተነስታችሁ ወደ ጎጃም ልሻገር ካላችሁ መጀመሪያ ወደ አባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ክብደት ምን እንደሚያስከፍል ለመማር ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም።

እስቲ መጀመሪያ ክብደቱ የት እንዳለ እንፈልግ። 70 ኪሎ ከ2290 ኪሎ 3 በመቶ ብቻ ነው። የመኪናው ባትሪ ለብቻው 625 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከጠቅላላው ክብደት ከሩብ በላይ ማለት ነው። አጠቃላይ አቅሙ 105 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስናካፍለው አንድ ኪሎ ባትሪ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ ደግሞ 12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል አለ። ሞተሩ አብዛኛውን በሙቀት መልክ ቢያባክነውም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ንድፍ አውጪዎች እንቅልፍ የሚያጡት በዚህች ቁጥር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2024 በፊት የነበረው ታይካን ትልቁ ባትሪ 93 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዝ ነበር። አዲሱ 105 ይይዛል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ጥቂት ኪሎ ይቀልላል። ይሄ በእውነት ትልቅ እርምጃ ነው። ግን መሐንዲሶቹ በአዲሱ ቴክኖሎጂ የድሮውን 93 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሠርተው ቢሆንስ? የቀረው 12 ኪሎዋት ሰዓት ለ0.17 ሲካፈል 70 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። አያችሁ? ወንበር፣ ሰዓትና ምንጣፍ ተለቅሞ የተገኘው 70 ኪሎ፣ ባትሪው ውስጥ ከገባው ጭማሪ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንድም ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ሊገኝ ይችል ነበር።

ፍትሐዊ እንሁንና የሌላውንም ወገን ክርክር እንስማ። ባትሪ እንደ ነዳጅ ታንክ ኃይል ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ነው። ባትሪው ባነሰ ቁጥር በአንድ ቅጽበት ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ይቀንሳል። 815 ኪሎዋት ከትንሽ ባትሪ ልቅዳ ብትሉ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ፖርሼ ትልቁን ባትሪ የመረጠው በምክንያት ነው። የኋላው ሞተር ላይ ባለ ሁለት ማርሽ ሳጥን መጨመሩም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለተኛው ማርሽ ክብደት ይጨምራል፣ ግን አነሳሱንም የመጨረሻ ፍጥነቱንም ያሻሽላል። እንግዲህ «ቀላል» የተባለው መኪና ጉልበት በሚጨምርለት ቦታ ሁሉ ክብደትን በደስታ ይቀበላል። የተጨከነው ተሳፋሪው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንሂድ። አንድን ዕቃ ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል ክብደቱ በስበት ኃይል፣ ከዚያም በከፍታው ሲባዛ የሚገኘው ነው። 70 ኪሎ በ9.8፣ ከዚያ በ1000 ሜትር ስናባዛ 686 ሺህ ጁል ይሆናል፤ 0.19 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ይሄ ምን ያህል ነው? 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚበላው ነው። አንድ እንጀራ ይወጣበታል ብላችሁ አስቡት። ሁለት ሰው ከመኪናው የወረደው በአንድ ሺህ ሜትር ዳገት ላይ የአንድ እንጀራ መብራት ለመቆጠብ ነው። ኃይሉ ከአንድ ኪሎ ከምናምን ባትሪ ይገኛል።

«ታዲያ ክብደት ለኤሌክትሪክ መኪና ግድ አይሰጠውም?» ትሉ ይሆናል። ይሰጠዋል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ባለ 2290 ኪሎው መኪና ባዶውን 1000 ሜትር ሲወርድ 6.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። የነዳጅ መኪና ይህን ሁሉ በፍሬንና በሞተር ጉተታ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ቀይሮ ከጎማ መንከባለልና ከአየር ግፊት የተረፈውን አብዛኛውን ክፍል ወደ ባትሪው ይመልሳል። አዲሱ ታይካን በዚህ መንገድ እስከ 400 ኪሎዋት ድረስ መቀበል ይችላል። ከመኪናው ቁጥሮች ሁሉ ለወሎ ሰው የሚጠቅመው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ማስታወቂያው ላይ ግን እንደ ሩጫው ሰዓት በትልቁ አይጻፍም።

ግን አንድ ወጥመድ አለ። ማታ መካነ ሰላም አድራችሁ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ጠዋት ወደ አባይ ብትወርዱ ምን ይሆናል? የሞላ ማሰሮ ውሃ አይጨመርበትም። በደጋው ብርድ የቀዘቀዘ ባትሪም ቢሆን ቶሎ ቶሎ መቀበል አይችልም። ያኔ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ፍሬኑ ነው። 6.2 ኪሎዋት ሰዓት 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ተኩል መሆኑ ነው። ከፊሉን አየሩና ጎማው ቢጋሩት እንኳ የቀረው ሙቀት ሁሉ አራት ዲስኮች ላይ ሲያርፍ አስቡት። እዚህ ጋ የባትሪው 625 ኪሎ በእርግጥ ይከብዳል። መፍትሔው ግን ወንበር መንቀል አይደለም፦ ቁልቁለት ከፊታችሁ ካለ 90 በመቶ ላይ ቻርጁን አቁሙ። አንድ ብር አያስወጣም።

ከፍታው ሌላም ነገር ይለውጣል። 2600 ሜትር ላይ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር 23 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ አየር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም። (የታይካን ስም ላይ ያለው «ቱርቦ» ጌጥ ብቻ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቱርቦ የሚባል ዕቃ የለም።) የሳሳ አየር መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል ስለሚቀንስ ይጠቅማል። በሌላ በኩል የቫይሳኩ ትልቅ የኋላ ክንፍ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይልም በዚያው 23 በመቶ ይቀንሳል፤ ፍሬንና ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየርም ያንሳል። ለባህር ዳርቻ አገር የተለካ ንድፍ ደጋ ሲወጣ ሒሳቡ ይዛባል።

ደግሞ የጥገናው ጉዳይ አለ። የካርበን ፋይበር ክብደቱ ከብረት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ጥንካሬው ያስገርማል። ታይካኑ የመስታወት ሽፋን፣ የጎን ጌጥና የፊት ወንበር ላይ ተጠቅሞበታል። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ጎበዝ ባትላሜራ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል። የካርበን ፋይበር ግን ከአቅሙ በላይ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ መዶሻ አይመልሰውም፣ ወይ ይቀየራል ወይ ልዩ ባለሙያ ይፈልጋል። ጎማውን ተመልከቱ። እንደ ብዙዎቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ታይካንም ስኮርታ ጎማ አይዝም፤ የሚሰጣችሁ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው። ጥሩ አስፋልት ላይ፣ ስልክ ደውለው ሰው በሚጠሩበት አገር ይህ ብልህ ቁጠባ ነው። ሹል ድንጋይ የጎማውን ጎን በቀደደበት፣ ጎሚስታውም ሩቅ በሆነበት ቦታ ግን የተቀነሰው ክብደት ዕዳ ሆኖ ትከሻችሁ ላይ ይመለሳል።

ክብደትን ምንጊዜም የሚከፍልለት አለ፤ ጥያቄው ማን ነው የሚለው ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስወረዱትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ የበሽሎን ገደል ጨምሮ መንገድ እየቆረጡ መንፈቅ ያህል ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ የደረሰው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1868 ነው። ክብደቱን የከፈለው መንገድ ጠራጊውና ጎታቹ ሕዝብ ነበር። በዚያው ወቅት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ በበቅሎ ጀርባ የሚጫኑ ትንንሽ የተራራ መድፎች ይዞ ነበር። እነሱ መንገዱን አይተው ዕቃውን አሳነሱ፤ በምላሹ ትንሽ ጥይት ተቀበሉ። ሁለቱም ውሳኔ ዋጋ አለው። ሁለቱም ግን መንገዱን ቆጥረውታል።

አሁን ዋናውን ሒሳብ እንሥራ። የመኪናን ክብደት ለብቻው ከመመዘን ለወንበሮቹ አካፍሉት። ባለ አራት መቀመጫው ቱርቦ ጂቲ ለአንድ ሰው 573 ኪሎ ይደርሳል። «የቀለለው» ባለ ሁለት መቀመጫ ቫይሳክ ግን 1110 ኪሎ! አዲስ አበባ ላይ የምታዩት ትንሹ ቢዋይዲ ሲጋል 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ 1240 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ሰው ስለሚጭን ለአንዱ 310 ኪሎ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው 65 ኪሎ ነው ብለን፣ ወንበሮቹን ሁሉ ሞልተን 1000 ሜትር እንውጣ። ሲጋል ለአንድ ሰው 1 ኪሎዋት ሰዓት፣ ባለ አራት መቀመጫው ታይካን 1.7፣ ቫይሳኩ 3.2 ገደማ ለማንሳት ብቻ ያወጣሉ። መኪናው 70 ኪሎ ቀለለ፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ግን ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሸክም ይዞ ወጣ።

ይህ የሩቅ አገር ቅንጦት ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5150 ሜጋዋት የተተከለበት የሕዳሴ ግድብ የቆመው ያው ቦረናን አልፎ በሚወርደው አባይ ላይ ነው። ወደፊት ደሴና መካነ ሰላም መካከል የሚመላለሰው መኪና የኤሌክትሪክ መሆኑ አይቀርም። ምን ዓይነት ይሁን? የቻርጅ ጣቢያ ከሌለ እያንዳንዱ መኪና ስጋቱን በባትሪ መልክ ተሸክሞ ይሄዳል፤ 100 ኪሎዋት ሰዓት ከነ 600 ኪሎው። መንገዱ ላይ፣ ለምሳሌ አቀስታ ላይ፣ አንድ ጣቢያ ቢተከል ግን የግማሹ ባትሪ ይበቃል፤ 300 ኪሎ ገደማ ይቀልላል። ቫይሳክ አራት ጊዜ ቢደገም ነው ያን የሚያህለው፤ ያውም ለአንድ መኪና ሳይሆን በዚያ ለሚያልፉት ሁሉ፣ ወንበሩም ስኮርታውም በቦታው እንዳለ።

ስለዚህ የመኪና ማስታወቂያ ስታዩ ከ0 እስከ 100 በስንት ሰከንድ የሚለውን እለፉና ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ ክብደቱ፣ የባትሪው አቅምና የወንበሮቹ ብዛት። ከዚያ የምታውቁትን ዳገት ከፍታ ውሰዱና አባዙ፣ አካፍሉ። ካልኩሌተሩ ስልካችሁ ላይ አለ።