የሕንፃ ሞዴል ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ሲሻገር፤ ስለ አይ.ኤፍ.ሲ. የቀረበ ሂስ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አይ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ ደንብ የገባውን ቃል ምን ያህል እንደ ፈጸመ መመርመር ነው። ደንቡን የሚያመሰግኑ ሰዎች በአንዱ ፕሮግራም የተጀመረ ንድፍ በሌላው ያለ ችግር ሊቀጥል ይችላል ይላሉ። የሚነቅፉት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ከንቱ ድካም ያደርጉታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ምን እንደ ተሻገረና ምን እንደ ቀረ ለይተው ባለማየታቸው ነው።

አስቀድሞ ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ግራፊሶፍት የተባለው የሀንጋሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቋቁሞ አርኪካድን አወጣ፤ ሬቪት ደግሞ በ2000 ለገበያ ቀርቦ በ2002 በአውቶዴስክ ተገዛ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሞዴሉን የሚያስቀምጠው በራሱ ፋይልና በራሱ አሠራር ነው። የዚህን ዐይነት ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1994 በአውቶዴስክ አነሳሽነት አንዳንድ የአሜሪካ ድርጅቶች ተሰበሰቡ፤ በ1995ም ማኅበሩ ለሌሎች ተከፈተ። ዛሬ ቢልዲንግስማርት የሚባለው ይኸው ማኅበር ነው። ደንቡ በ2013 የዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ 16739 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ በ2024 የጸደቀው እትም ከሕንፃ አልፎ መንገድን፥ ድልድይንና የባቡር ሐዲድን ያጠቃልላል።

የደንቡ መልካም ጎን ሊካድ አይገባም። የመስመር ሥዕል ብቻ በሚተላለፍበት ፋይል ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው። በአይ.ኤፍ.ሲ. ፋይል ግን ግድግዳው ግድግዳ ተብሎ ይጻፋል፤ ክፍተቱ ግድግዳውን እንደሚበሳ፥ በሩም ክፍተቱን እንደሚሞላ ይመዘገባል። ፋይሉም ብዙ ጊዜ ተራ ጽሑፍ ስለ ሆነ፥ የሠራው ፕሮግራም ከገበያ ቢጠፋ እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ይሁን እንጂ አንድ የደረሰብንን ነገር ልጥቀስ። ሦስት ተማሪዎች ሆነን የባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ንድፍ ስንሠራ፥ ጓደኛዬ በአንድ ፕሮግራም የጀመረውን ሞዴል እኔ በሌላ ፕሮግራም ተቀበልሁ። ሲከፈት አንዳች የጎደለው አይመስልም ነበር። ከዚያም የአንዱን ፎቅ ከፍታ ከ3.00 ወደ 3.40 ሜትር ለወጥሁ። ሶሌታው ከፍ አለ፤ ግድግዳዎቹ ግን ባሉበት ቀሩ፤ በመካከላቸውም የ40 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተፈጠረ። በወለል ፕላኑ ላይ ይህ ስለማይታይ እኛም አላየነውም። ስሕተቱን ያገኙት መምህራችን ናቸው፤ ያውም በመጨረሻው ግምገማ ቀን፥ የቁርጥ ሥዕሉን ሲመለከቱ። እኛ ያጣነው ማርክ ብቻ ነው። ነገሩ በእውነተኛ ሥራ ላይ ሆኖ ቢሆን ግን የብሎኬቱም የሲሚንቶውም ሒሳብ ይዛባ ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያው ፕሮግራም የግድግዳው ራስ ከላይኛው ወለል ጋር ታስሮ ነበር። በተሻገረው ፋይል ውስጥ የደረሰን ግን ማሰሪያው አይደለም፤ ማሰሪያው በዚያች ሰዓት ያስገኘው ልክ፥ ማለትም 3.00 ሜትር የሚለው ቁጥር ነው። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር፥ ሰሙ ተሻግሮ ወርቁ ቀረ። የንድፍ ሐሳብ ያለው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን በወለደው ደንብ ውስጥ ነውና።

እዚህ ላይ የደንቡ ጠበቆች ተገቢ መልስ አላቸው። አራተኛው እትም ሁለት ዐይነት አገልግሎትን ለይቷል፤ አንደኛው ሞዴሉን ለመመልከትና ለማመሳከር፥ ሁለተኛው ንድፉን አስረክቦ ሌላው እንዲቀጥልበት ለማድረግ የታሰበ ነው። የኛ ጥፋትም ለማመሳከር የተላከውን ለመቀጠል መውሰዳችን ነበር። መልሱን እቀበላለሁ። ነገር ግን ደንቡ ራሱ ሁለቱን ከለየ፥ «ሁሉም ነገር ይሻገራል» እያሉ ሳይለዩ የሚያስተምሩና የሚሸጡ ሰዎች ከነቀፋ አያመልጡም።

ጉዳዩ የተማሪ ብስጭት ብቻ እንዳይመስል አንድ ቁጥር ልጨምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2004 ባወጣው ጥናት፥ መረጃ በሥርዓት ባለመተላለፉ በ2002 በአገሪቱ ትላልቅ ሕንፃዎችና ተቋማት ዘርፍ የደረሰውን ኪሣራ 15.8 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ 10.6 ቢሊዮን ያህሉ የወደቀው በአርክቴክቶች ላይ ሳይሆን በሕንፃ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ላይ ነው። ቁጥሩ ግምት ነው፤ የወረቀት ሰነድንም ጣጣ ይጨምራል። ቢሆንም ዕዳው በማን ላይ እንደሚያርፍ ያመለክታል። ሥዕሉን የሠራው ሰው አስረክቦ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን ከሕንፃው ጋር ዐሥርተ ዓመታት ይኖራል።

የፊንላንድን መንግሥት ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው ድርጅት ከጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕሮጀክቶቹ የአይ.ኤፍ.ሲ. ሞዴል እንዲቀርብለት ሲጠይቅ፥ ሞዴሉ እንዴት መሠራት እንዳለበትም መመሪያ አውጥቷል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ፋይል ብቻውን አይበቃም፥ ከፋይሉ በፊት ስምምነት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ የሕንፃ ክፍል አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ሌላው ይመልከተው እንጂ አይለውጠው፤ ለውጥ ሲያስፈልግ ለባለቤቱ ይመለስ። ሁለተኛ፥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ክፍል፥ አንድ በርና አንድ ደረጃ ብቻ ያለበት ትንሽ ሞዴል ልኮ መፈተን ይገባል፤ ፈተናውም መክፈት ብቻ ሳይሆን ከፍታ ለውጦ ማየት ነው። ሦስተኛ፥ ያልተሻገረው ደንብ በጽሑፍ ይገለጽ፤ «ግድግዳው እስከ ሶሌታው ይደርሳል» የሚል አንድ መስመር የኛን ስሕተት ባስቀረ ነበር።

አይ.ኤፍ.ሲ. ታማኝ መዝገብ ነው፤ ንድፍን ለሌላ እጅ የሚያስረክብ አደራ ተቀባይ ግን ገና አልሆነም። ይህን ፍርድ በተግባር ፈትኖ የሚያፈርስ ጓደኛ ቢገኝ፥ መልሱን በዚሁ መጽሔት ለማንበብ ደስ ይለኛል።