የቀጥቃጩ ዴስክ

መቀመጫውና ጠረጴዛው አንድ ላይ የተበየደውን የተማሪ ኮምባይንድ ዴስክ ከላይ የሚያየው ሰው ብዙ የሚያደንቀው አያገኝም። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ደነባም ሆነ ሌላ የሰሜን ሸዋ ከተማ፣ ክፍል ገብቶ አንዱን ዴስክ ገልበጥ ያደረገ ሰው የበያጁን ጠባይ ባንድ አፍታ ያነባል። ብየዳው ቱቦላሬውን ዙሪያውን ይዞታል ወይስ ከፊት ለፊት ብቻ ነጠብ ነጠብ ተደርጎ ታልፏል? ቅርፊቱ በመዶሻ ተራግፏል? ፍንጣሪው በግራይንደር ተስተካክሏል ወይስ የተማሪ ቀሚስ ሊቀድ ይጠብቃል? የቱቦላሬው ጫፍ በላሜራ ተደፍኗል ወይስ አፉን ከፍቶ ውኃ ያጠራቅማል? እነዚህ ሁሉ ቀለም የሚሸፍናቸው፣ ርክክብ ላይ ማንም የማይጠይቃቸው ነገሮች ናቸው። ጥሩ በያጅ ግን ይሠራቸዋል።

ዋናው ምርመራ የመደገፊያው ቋሚ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ልጅ ተቀመጠ ማለት አረፈ ማለት አይደለም። ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ እግሩን ከፊቱ ባለው ብረት ላይ ተክሎ በጀርባው ይገፋል፤ ከኋላ ያለውን ጓደኛውን ለማናገር ይጠማዘዛል። ሦስት ልጆች በአንድ ቀልድ ሲስቁ ሦስቱም መደገፊያውን አንድ ላይ ይገፉታል። ያ ሁሉ ጉልበት ተጠራቅሞ የሚያርፈው በዚያች ማዕዘን ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ በያጅ የኋላውን ቋሚ ከወለል እስከ መደገፊያው አናት አንድ ወጥ ቱቦላሬ ያደርገዋል። ብረት የሚቆጥበው ደግሞ ቋሚውን በመቀመጫው ከፍታ ላይ ይቆርጥና ለመደገፊያው አጭር ቁራጭ ይቀጥልበታል። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ሁለቱን ዴስኮች መለየት ያስቸግራል። ጥቂት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ግን መለየት አያስቸግርም፤ አንደኛው መደገፊያ የለውም።

ይህችን ማዕዘን ዣን ፕሩቬን ያህል አክብሮ ያያት የትምህርት ቤት ዕቃ ነዳፊ አላውቅም። ፕሩቬ እ.ኤ.አ. በ1901 ተወልዶ ናንሲ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ቪክቶር ፕሩቬ ስመ ጥር ሠዓሊ፣ እናቱ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ልጁ መሐንዲስ መሆን ይመኝ ነበር፤ ዘመኑ የጦርነት ሆነና የቤቱ አቅም አልፈቀደም። ስለዚህ በ1916 ፓሪስ አጠገብ ኤሚል ሮበር ከሚባል የብረት ባለሙያ ዘንድ ገብቶ ብረት ማጋልና መቀጥቀጥ ተማረ።

የሸዋ ሠዓሊ ልጁን ለቀጥቃጭ ቢሰጥ ኖሮ፣ በዚያው ዘመን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክርበት ነበር። ብረት ሠሪን ቡዳ እያለ የሚሸሸው ልማድ ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ማረሻውንም ማጭዱንም ከዚያው ከሚሰደበው ሰው እጅ እየተቀበለ የሚያርስ አገር ነበር። ዛሬ ብየዳ ቤት የሚውል ወጣት ያ ነውር ብዙም አይነካውም፤ ቢሆንም ዴስኩን ስንረከብ ስሙን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

ፕሩቬ እ.ኤ.አ. በ1924 ናንሲ ላይ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። መጀመሪያ የሠራው የብረት በርና የደረጃ መደገፊያ ነበር። ብዙ ሳይቆይ መቀጥቀጡን ወደ ጎን አድርጎ ቀጭን ላሜራን ማጠፍና በኤሌክትሪክ መበየድ ያዘ። ላሜራ ዝርግ ሆኖ ሲያዩት ደካማ ነው፤ በእጅ ይጎብጣል። ሲታጠፍና ባዶ ሣጥን ሲሆን ግን ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይሸከማል። በ1934 የነደፈው ወንበር ይህን ዕውቀት አደባባይ ያወጣ ሥራ ነው። የፊት እግሮቹ ቀጭን ቱቦ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልጋቸውም። የኋላ እግሮቹ ግን ከታጠፈ ላሜራ የተሠሩ፣ በመቀመጫው ከፍታ ላይ ደንደን ብለው ወደ ላይም ወደ ታችም እየሾሉ የሚሄዱ ናቸው። ጉልበቱ በርትቶ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ብረቱም የሰፋው እዚያ ላይ ነው። ጌጥ የሚመስለው ቅርጽ ከሂሳብ የመጣ ነው።

በዚሁ አስተሳሰብ ለትምህርት ቤቶች የሁለት ተማሪ ዴስክ ሠራ፤ እግሩ የታጠፈ ላሜራ፣ ጠረጴዛውና መቀመጫው የኦክ ሳንቃ ሆኖ ሁሉም በአንድ አካል የተያያዘ ነው። ፎቶግራፉን ለአንድ የደነባ ተማሪ ብታሳዩት ኮምባይንድ ዴስክ መሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል፤ የቀለም ብልቃጡ ቀዳዳ ብቻ ግር ይለው ይሆናል። ፕሩቬ በጦርነቱ ጊዜ የናዚን ወረራ ከታገሉት ወገን ነበር፤ ናንሲ ነፃ ስትወጣ በ1944 ከንቲባዋ ሆነ። በ1947 በከተማዋ ዳር ማክሴቪል ላይ ትልቅ ፋብሪካ አቋቋመ። በ1953 ግን ከባለአክሲዮኖቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ የገዛ ፋብሪካውን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ላይ ለዓመታት አስተምሮ በ1984 አረፈ። እነዚያ ተማሪ የቧጨራቸው ዴስኮቹ ዛሬ በአውሮፓ ሐራጅ ቤቶች በሺዎች ዩሮ ይሸጣሉ፤ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ልጅ እንዲቀመጥበት የተሠራ ዕቃ ሳሎን ውስጥ አትንኩኝ ሲል።

መቀመጫና ጠረጴዛን አንድ ላይ መበየድ ግን ፕሩቬም ሆነ የእኛ በያጅ ያላመለጡት ችግር አለው። የስዊስ ሐኪሙ ፋርነር በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። ልጅ ሲጽፍ የመቀመጫው ጠርዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር ትንሽ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ይጎብጣል፤ ዓይኑም ወደ ደብተሩ ይጠጋል። ሲነሣ ደግሞ በሁለቱ መካከል ክፍተት ያስፈልገዋል። ተበይዶ ያለቀ ዴስክ ሁለቱንም መሆን አይችልም። ጀርመናዊው ሬቲግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመረጠው ዘዴ ቀላል ነበር፤ ዴስኩን የሁለት ልጅ አደረገውና እያንዳንዱ ወደ ራሱ ጎን ወጥቶ ይቆማል። እኛ ጋ ሦስት፣ ክፍሉ ሲጠብም አራት ይቀመጣሉ። መምህር ሲገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል፤ መካከል ያለችውን ልጅ ተመልከቱ፤ ጉልበቷ በመቀመጫውና በጠረጴዛው መካከል ተይዞ ግማሽ ቆማ ግማሽ ተቀምጣ ነው ሰላምታ የምትሰጠው። አንዳንድ በያጆች ክፍተቱን ለመቆም ሲያሰፉት ልጁ ሲጽፍ ይንጠራራል። የሰለጠነ እጅ የሚታወቀው በዚህች የጥቂት ጣቶች ስፋት ነው፤ ሁለቱንም በትንሽ በትንሹ የሚያስከፋ፣ አንዱንም የማይጎዳ ልክ አለ።

ደነባ ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። ሲያደብርና ዋዩ ወረዳ የጤፍና የምስር አገር ነው፤ ያንን እህል የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ገና ጭቃ ነው። በሦስት መቶ ጫማ ተጭኖ ክፍል ይገባል፤ ወለሉ ይታጠባል፤ ውኃው ከዴስኩ ታችኛው አግዳሚ ሥር ይተኛል። ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። አግዳሚውን ወለል ላይ ከማጋደም ይልቅ በአራት አጫጭር እግሮች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያደረገ ሠሪ ለዴስኩ ዕድሜ ጨምሮለታል። እንጨቱም እንዲሁ ነው። በቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ርጥቡን ሰንጥቆ የቸነከረው ሰው ከወራት በኋላ የተጣመመ ሳንቃና ራሱን ያወጣ ሚስማር ያገኛል፤ ሚስማሩም ያገኘውን ሱሪ ይቀዳል። በደንብ ደርቆ፣ ጠርዙ በመላጊያ ለዝቦ፣ በብሎን የታሰረና የብሎኑም ራስ እንጨቱ ውስጥ የሰጠመ ከሆነ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ብታሳልፉበት የሚይዛችሁ ነገር የለም። ከችፑድ ይህ አይጠበቅም፤ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ አንዴ ያበጠም አይመለስም።

አንድ ነገር ላይ ግን የእኛን ዴስክ ልከላከልለት አልችልም፤ ልኩ አንድ ነው። የመጀመሪያ ክፍል ሕፃን እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ የስምንተኛው ክፍል ጎረምሳ ጉልበቱ ጠረጴዛውን እየገፋ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጣሉ። የአውሮፓው መለኪያ የመቀመጫን ከፍታ በልጁ ቁመት ከፋፍሎ ለትንንሾቹ ከ21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ለረጃጅሞቹ 51 ያደርሰዋል። እንግሊዛዊው ሮቢን ዴይ በ1971 ለትምህርት ቤቶች ያወጣው የፕላስቲክ ወንበር አምስት ልክ ነበረው፤ ልጆች አንሥተው እንዲያዞሩትም መደገፊያው ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ለበያጅ ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ቱቦላሬውን አሳጥሮ መቁረጥ ነው። ያዛዡ ወረቀት አንድ ልክ ብቻ ስለሚጽፍ ነው እንጂ።

የዴይ ወንበር ግን ሲሰነጠቅ ይጣላል፤ ፋብሪካው በሩቅ ነው፤ ቅርጹን ያወጣው ማሽንም ብየዳ ቤት አይገኝም። ኮምባይንድ ዴስክ ማዕዘኑ ሲላቀቅ በጋሪ ተጭኖ ብየዳ ቤት ይሄዳል። በያጁ ገልብጦ ያየዋል፤ ዝገቱን በግራይንደር ይገፈዋል፤ የተላቀቀውን መልሶ ይበይደዋል። እዚያ ላይ የሚያቆሙ አሉ። ጎበዙ ግን ከተረፈ ላሜራ ሦስት ማዕዘን ይቆርጥና በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል አስገብቶ ዙሪያውን ይይዘዋል። ዴስኩ ሲመለስ ያ መጋጠሚያ በመቀመጫው ከፍታ ላይ ሰፍቶ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ ቅርጽ ይዟል፤ ፕሩቬ በ1934 ያወጣው ቅርጽ።