ሳሎኑ ቅርስ ከሆነ ሰርቪሱስ?

«ቅርስ» ሲባል መጀመሪያ ምን ይታያችኋል? አክሱም፣ ላሊበላ፣ የፋሲል ግንብ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው ከተባለ ደግሞ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ጭቃው የተላጠ፣ በአንድ ደጃዝማች ስም የሚጠራ ቤት። እንግዲህ እዚህ ሰልፍ መሀል አንድ የኮንክሪት ቪላ፣ ያውም በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ጋራዥና የመስታወት ግድግዳ ያለው ቤት አስገቡና «ይኼም ቅርስ ይባል» በሉ፤ ሰው ምን እንደሚላችሁ ታያላችሁ። እኔ ለአንድ ወዳጄ ነግሬው ነበር። «እኔም እኮ የዚያ ቤት እኩያ ነኝ፤ በዚያው እኔንም መዝግቡኝ» አለኝ። ተሳሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ የሚታለፍ አልሆነም።

ቤቱ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ነው። ባለቤቲቱን በልጆቻቸው በኩል ነው የማውቃቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዷ እዚሁ። ሥነ ሕንፃ የሚማሩ ወጣቶች ቤቱን ከውጭ አይተውት ኖሮ «እናጥናው፤ በቅርስነት እንዲመዘገብም ሐሳብ እናቀርባለን» ብለው ሲመጡ እማማ ደወሉልኝ። «አንተ ስለ ሰው ቤት ስትጽፍ አይደል የምትውለው? ና እስቲ፣ እነዚህ ልጆች የሚሉትን አብረን እንስማ» አሉኝ። ሄድኩ።

ከመንገድ ሲያዩት ምንም አይደለም። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ጽድ፣ ከጽዱ በላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር። ያ መስመር ጣሪያው ነው። ግቢ ገብተው ሲቆሙ ነው ነገሩ የሚገባዎት። ሶሌታው ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ወጥቶ ያለ ምሰሶ ተንጠልጥሏል። የቀትር ፀሐይ መስታወቱን አትነካውም፤ ጠዋት ዝቅ ብላ ስትወጣ ግን እስከ ሳሎኑ መሀል ትዘልቃለች። የኅዳርን ጠዋት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በረንዳው ላይ የጀመረው የድንጋይ ግድግዳ መስታወቱን አልፎ ሳሎን ይገባና እስከ ምድጃው ይሄዳል፤ ውጭው የት አልቆ ውስጡ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ወለሉ ቴራዞ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ተረግጦ አሁንም ያበራል። ይህን ቤት ያሰበው ሰው ከፈረንጅ መጽሔት ገልብጦ አልሄደም፤ የአዲስ አበባን ፀሐይ ቆሞ አይቷታል።

ጉድለቱንም ልናገር እንጂ፤ አለበለዚያ ሂስ ሳይሆን ውዳሴ ይሆንብኛል። ጠፍጣፋ ጣሪያ ለአዲስ አበባ ነሐሴ ማቅረብ ድፍረት ነው። ያፈስሳል። ሟቹ ባለቤት በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ሰኔ ላይ መሰላል አስደግፈው በሬንጅ ያስለቅሙት ነበር። እሳቸው ካለፉ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሳፋ ቋሚ ተሰላፊ ሆኗል። የሳሎኑ መስታወት አንዱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። «ያን የሚያህል መስታወት ለመቀየር ስንት እንደጠየቁኝ ብነግርህ ትደነግጣለህ» አሉኝ እማማ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርስ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ልብ በሉ! በዚያ ሚዛን አዲስ አበባ ራሷ ዕድሜዋ አይደርስም ነበር። ደግሞ የሚገርመው ጊዜው ነው። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመርቋል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በ1957 ቆሟል፤ ሁለቱም የጣሊያናዊው የአርቱሮ መዜዲሚ ሥራዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ አቁሟል። የእኛው ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍል ውሃን ሕንፃ ነድፏል። መንግሥት በአንድ እጁ ይህን ሁሉ እያስገነባ በሌላ እጁ «ቅርስ ማለት ከ1850 በፊት ያለው ነው» ብሎ ይፈርም ነበር። በጊዜው ስህተት አልነበረም፤ አዲስ ቤትን ማን ያፈርሰዋል ብሎ ማን ይጨነቃል?

ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ የዓመት አጥር የለውም። የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በታሪክ፣ በሳይንስ፣ በባህል ወይም በኪነ ጥበብ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ቅርስ ሊባል ይችላል። ስለዚህ የእማማን ቪላ የሚከለክለው ሕጉ አይደለም። የሚከለክለው የእኛ ዓይን ነው። ቤት ቅርስ የሚሆንልን ወይ ሲያረጅ ነው፣ ወይ ትልቅ ሰው ሲያድርበት። ቤቱ ራሱ ምን አሰበ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ተማሪዎቹ ይህንኑ ለእማማ ሊያስረዱ ሞከሩ። ጨዋ ልጆች ናቸው። አንደኛው አዋጁን አብራራላቸው፤ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድ መለወጥ አይችልም፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ ይችላል። እማማ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይረዳል ነው የሚለው ወይስ ሊረዳ ይችላል?» አሉ። «ሊረዳ ይችላል» አለ ልጁ። «እንግዲያው ሳፋዎቹ እዚያው ይቆዩ» አሉ።

ቀልዳቸው ነው፤ ግን የጉዳዩ እምብርት እዚያው ላይ ነው። አፍሪካ አዳራሽን አስቡ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ሁላችንም አየን፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል እንደገና አበራ። ያ እንዲሆን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ56 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈቅዷል። ያ ሕንፃ ዘመድ አለው። የጡረተኛ ሚስት ቤት ግን ሰሌዳ ቢለጠፍበት ሰሌዳው አያድሰውም፤ ይባስ ብሎ «አትንኪው፣ ግን አድሺው» የሚል ትእዛዝ ይሆንባታል።

ማታ ከልጆቹ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ካሊፎርኒያ ያለው «እዚህ እኮ እንዲህ ያለ ቤት ይጠበቃል» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ሙሉውን አልነገረንም። ሪቻርድ ኖይትራ የሚባል ስመ ጥር አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1962 ራንቾ ሚራዥ በምትባል ከተማ የማስሎን ቤተሰብን ቤት ሠራ። በ2002 አዲስ ገዢ ገዛውና ብዙም ሳይቆይ፣ ያውም በከተማው ፈቃድ፣ አፈረሰው። አርባ ዓመቱ ነበር። የዚሁ ሰው ሌላ ሥራ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ያለው የክሮኒሽ ቤት፣ በ2011 ሊፈርስ ሲል ጩኸት ተነሳ፤ ከመፍረስም ዳነ። በዚያ ሁሉ ሀብቷ የቅርስ ጥበቃ ደንብ ያልነበራት ከተማም በ2012 የመጀመሪያውን አወጣች። አሜሪካኖቹ በጥቅሉ 50 ዓመትን እንደ መነሻ ይወስዳሉ። እኔ የወደድኩላቸው ግን ሌላውን ነው። ካሊፎርኒያ ከ1972 ጀምሮ «ሚልስ አክት» የሚሉት ሕግ አላት፤ የቅርስ ቤት ባለቤት ቤቱን ሊጠብቅ ከከተማው ጋር ውል ይገባል፣ በምላሹ የንብረት ግብሩ ይቀነስለታል። ሰሌዳና ኪስ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ሂሳቡ ተገላቢጦሽ ነው። ቤት ሲሸጥ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ለቦታው ነው፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው እየተባለ እንኳ። ሰነዱ ላይ የሚዛወረው ቤት ነው፣ ገዢው የሚከፍለው ለካሬው ነው፣ ቤቱ ደግሞ ለማፍረስ ወጪ የሚጠይቅ እንቅፋት ነው። ልጆቹ ቢወርሱት በነባር ይዞታነቱ ይቀጥላል፤ ቢሸጡት በ2004ቱ አዋጅ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ገዢውም ወጪውን የሚመልስለት ፎቅ ነው የሚያልመው። ለልማት ይነሳ ቢባል ደግሞ ካሳው የሚሰላው ቤቱን ለመተካት በሚጠይቀው ወጪ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ መስኮት። ያ ጥላ፣ ያ የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስመር ይሞላል? በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ «ቅርስ ነው»፣ «አይደለም» ብለን የተጨቃጨቅነው ግሬደሩ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። መዝገቡ ቀድሞ ሲሟላ ነው ክርክር የሚባለው።

አሁን ወደ ጓሮው ልውሰዳችሁ።

ተማሪዎቹ ሳሎኑን በሜትር ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ የደረጃውን እጀታ ሳይቀር ሥለው ሲጨርሱ ፕላኑን አሳዩን። ቆንጆ ሥራ ነው። ከቤቱ ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ ባዶ አራት ማዕዘን አለ፤ ውስጡ «ሰርቪስ» ተብሎ ተጽፏል። በቃ። በር የለው፣ መስኮት የለው።

እዚያ ባዶ ሣጥን ውስጥ ግን ሰው አለች። ልጅ ሆና ከመንዝ መጥታ እዚህ ቤት የገባች፣ የእማማን ሦስት ልጆች በጀርባዋ ያሳደገች፣ ዛሬ ጉልበቷ የማይታጠፍላት እናት። ከአርባ ዓመት በላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ኖራለች። ቤቱ በመስታወት ተከፍቶ አትክልቱን ሲያይ የእሷ በር የሚያየው የአጥሩን ድንጋይ ነው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመመገቢያ ጠረጴዛው ሥር፣ የደወል ቁልፍ አለ፤ አሁን አይሠራም፤ በፊት ሲጫኑት እሷ ክፍል ነበር የሚጮኸው። ያ አርክቴክት ፀሐይዋን ብቻ አይደለም ያወቀው። እኛንም አውቆናል። እንጀራው ከኋላ ይጋገር፣ ጭሱ ከኋላ ይውጣ፣ ምግቡ ግን ከፊት ይቅረብ። «ዘመናዊ ኑሮ» ብለን በ1950ዎቹ የተቀበልነው ነገር በአንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ተስሏል፤ ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ምጣድ።

ለዚህ ነው እኔ ይመዝገብ የምለው። ለውበቱ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤተሰቡ ሌላውን ቤቱን አጥቶ ይህችን ይዞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስቀይርና የሚያስጨምር ገንዘብ አላገኘም። እጦት ነው እንዳለ ያቆየው። ሌላ ቦታ ሰርቪሱ ፈርሷል፣ ወይ ሱቅ ሆኗል፣ ወይ ተከራይቷል፤ እዚህ ግን ፊትና ኋላው፣ ደወሉና በሩ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ሳሎኑን ብቻ መዝግበን ሰርቪሱን «ኋላ የተጨመረ» ምናምን ብለን ብንተወው ያስመዘገብነው ቤት ሳይሆን ለእንግዳ የሚታየውን ፊቱን ነው።

ግን ደግሞ እዚህ ላይ እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ቢሸጥ ልጆቹ ይካፈላሉ፣ እማማ ልጃቸው ጋ ይገባሉ፤ እሷስ? ቅርስ ቢባልና አንድ ቀን ሙዚየም ቢሆንስ? ክፍሏ ለጎብኚ ትከፈትና «የቤት ሠራተኛዋ እዚህ ትኖር ነበር» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። በሁለቱም መንገድ ከክፍሏ የምትወጣው እሷ ናት። በስልኩ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንነጋገር ስሟን ያነሳ አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። ለሌላው ሁሉ አንቀጽ አለ፤ አርባ ዓመት ቤቱን ስትጠርግ ለኖረች ሴት የሚሆነውን አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ለልጆቹ ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ፤ ይመዝገብም ይሸጥም፣ መጀመሪያ የእሷ መኖሪያ በውል ይታሰር ብያለሁ። ሴቷ ልጅ «ልክ ነህ» ብላለች። ካሊፎርኒያ ያለው «እንነጋገራለን» አለኝ። ትንሹ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ያን ዕለት ተማሪዎቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ እሷ ቡና ይዛ መጣች። ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አየችው። «የእኔ የቱ ጋ ነው?» አለች። ልጁ ሣጥኑን በጣቱ አሳያት። ትንሽ ዝም ብላ አየችውና «በሩንስ?» አለች። ልጁ ፊቱ ቀላ፤ ሜትሩን ከቦርሳው መልሶ አወጣና ተከትሏት ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም ሄድኩ። ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል ነው። አንድ መስኮት አለው፣ ከአናት በላይ፣ ለጭስ የተሠራ።