ስለ ዥጕርጕሩ ቶርፔዶ ዓሣ ስርጭትና አወላለድ አጻጻፍ የቀረበ ሒስ

የዓሣ መለያ መጻሕፍት ስለ አንድ ዓሣ ሲጽፉ የሚገኝበትን ስፍራ በአንድ አንቀጽ፥ አወላለዱን በሌላ አንቀጽ ለይተው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። ይህ አከፋፈል ለብዙ ዓሣ አይጎዳ ይሆናል። ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ጠፍጣፋ ዓሣ፥ በቶርፔዶ ላይ ግን አንባቢን ያሳስታል ብለን እናምናለን። ለምሳሌ የምናቀርበው ሪሶ እ.ኤ.አ. በ1810 ቶርፔዶ ማርሞራታ ብሎ የሰየመውን ዥጕርጕሩን ዓይነት ነው።

መጻሕፍቱ እንደሚሉት ይህ ዓሣ ከሰሜን ስኮትላንድ አንሥቶ በአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በኩል እስከ መልካም ተስፋ ርእሰ ምድር፥ እንዲሁም በሜዲትራኒያን ባሕር ይገኛል። ቃሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ካርታው ይህን ሁሉ በአንድ ቀለም ይቀባዋል፤ አንድ ጊዜ በመረብ የተያዘበት ዳርቻና ሴቶቹ ዘወትር የሚወልዱበት ወሽመጥ እኩል ሆነው ይታያሉ። የተገኘበት ሁሉ አገሩ ነው ማለት በገበያ የታየ እንግዳ ሁሉ የከተማው ተወላጅ ነው እንደ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ለምን ይከብዳል ቢባል መልሱ በአወላለዱ ላይ ነው። ይህ ዓሣ እንቁላሉን ወደ ባሕር አይበትንም። ፅንሱ በእናቱ ማሕፀን መጀመሪያ በእንቁላሉ አስኳል፥ ኋላም ማሕፀኑ በሚያመነጨው ወተት መሰል ፈሳሽ እየተመገበ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ ይወለዳል። ወንዱ በ5 ዓመት ገደማ ለመራባት ሲደርስ ሴቲቱ የምትደርሰው በ12 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያም የምትወልደው በየሁለት ዓመቱ ነው። በዚያው ባሕር የሚኖረው፥ በጀርባው ላይ ዓይን የመሰሉ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ያሉት ዘመዱ ግን በየዓመቱ ይወልዳል። እንግዲህ ሁለቱ በካርታ ላይ ቢመሳሰሉም መረብ ሲበዛባቸው የሚተኩበት ፍጥነት እኩል አይደለም።

የልጆቹን ቍጥርም «ከ3 እስከ 32» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቍጥሩ ከእናቲቱ ትልቅነት ጋር የሚጨምር ስለ ሆነ፥ ትልልቆቹ ሴቶች ተይዘው ባለቁበት ስፍራ 32 የሚለው ከንቱ ተስፋ ነው። አርስጣጣሊስ 80 ያህል ፅንስ የያዘች ቶርፔዶ መታየቷን ሲጽፍ፥ ቍጥሩ ምንም ቢያስደንቅ፥ ዓሣዪቱ ትልቅ እንደ ነበረች አብሮ ነግሮናል። የዛሬው ሰንጠረዥ ይህን ያህል ጥንቃቄ እንኳ አያሳይም።

ኤሌክትሪኩ ይጠብቀዋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ ምግቡን ያደነዝዝበታል፥ ጠላቱንም ያባርርበታል። የባሕርን ወለል የሚጠርገውን መረብ ግን አያቆምበትም። በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ከመርከብ ላይ ወደ ባሕር ስለሚጣል፥ በወደብ መዝገብ አይገባም። ስለዚህ የመዝገቡ ዝምታ የዓሣውን ደኅንነት አያስረዳም።

በእኛ አስተያየት የስርጭት ካርታ ሦስት ልዩ ልዩ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ዓሣው ለተያዘበት፥ ሁለተኛው ያረገዘች ሴት ለተገኘችበት፥ ሦስተኛው ከ10 እስከ 14 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ አዲስ የተወለዱ ልጆች ለታዩበት። ሁለቱ የኋለኞች ምልክቶች በሌሉበት ስፍራ ዓሣው ታይቷል እንጂ ይራባል አይባል። እኛም ተማሪዎች ናሙና ስንመዘግብ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ጾታውን፥ ርዝመቱንና የማሕፀኑን ሁኔታ ብንጽፍ፥ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ከስም ዝርዝር የሚበልጥ ነገር ያገኛል።